የልጄን አሠልጣኝ በምን ልመዝነው? ለአንዲት የድሬዳዋ እናት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በድሬዳዋ የሳቢያን ነዋሪ ነኝ። የ12 ዓመት ልጄ በሰፈራችን ባለ የታዳጊዎች እግር ኳስ ፕሮጀክት ከተመዘገበ ዓመት አልፎታል። በየወሩ እንከፍላለን፤ ለማሊያና ለጉዞ እየተባለ ተጨማሪም እንጠየቃለን። አሠልጣኙ ግን ልጆቹን ይሰድባል፤ ሲሳሳቱ ሜዳውን እየዞሩ እንዲሮጡ ያደርጋል፤ በውድድር ቀን የሚያሰልፈው ሁልጊዜ እነዚያኑ አሥራ አንድ ልጆች ነው። ልጄ አንድም ጨዋታ ሙሉውን ተጫውቶ አያውቅም። ሰሞኑን ደግሞ ተረከዜን ያመኛል ይላል፤ አሠልጣኙ ልግም ነው ብሎ አልፎታል። ወላጆች ከጨዋታ በኋላ ተሰብስበን ብናናግረው ‹ሥራዬን አታስተምሩኝ› አለን። ልጁን ላውጣው ወይስ ልታገሥ? ኳስ የማታውቅ እናትስ አሠልጣኙ ጥሩ መሆኑን በምን ታውቃለች?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ የሌሎቹ መልስ ከእሱ የሚወጣ ነውና። የታዳጊ አሠልጣኝን ለመመዘን ኳስ ማወቅ አያስፈልግዎትም። አንድ የልምምድ ቀን ከሜዳው ዳር ጥላ ፈልገው ይቀመጡና ዓይንዎን ከልጅዎ ላይ ሳይነቅሉ ይዋሉ። ኳስ እግሩ ሥር የሚቆይበትን ጊዜ፣ ተራ ሲጠብቅ የሚቆምበትን ጊዜ፣ ሲሳሳት ደግሞ ከአሠልጣኙ አፍ የሚወጣውን ቃል ይከታተሉ። የዋንጫ ብዛትም ሆነ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ የምስክር ወረቀት እነዚህ ሦስት ነገሮች የሚነግሩዎትን ያህል አይነግርዎትም።

በብዙ ሜዳዎቻችን የሚታየው ልምምድ ምን እንደሚመስል በቁጥር ላሳይዎት። ሃያ አራት ልጆች አሉ፤ ኳሱ ሁለት ነው። አሠልጣኙ ኮኖቹን ይደረድርና ልጆቹን አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት አድርጎ በሁለት ሰልፍ ያቆማቸዋል። አንዱ ልጅ ኳሱን በኮኖቹ መካከል እያንከባለለ ሄዶ ወደ ግብ ይመታል፣ ኳሱን ለቀጣዩ ይመልሳል፣ ከሰልፉ ጀርባ ይቆማል። ይህ ለአንድ ልጅ አሥራ አምስት ሴኮንድ ያህል ይወስዳል እንበል፤ ተራው እስኪመለስ ሦስት ደቂቃ ያልፋል ማለት ነው። ስለዚህ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ልጁ የሚደርሰው ተራ አሥር ነው፤ ኳስ የሚነካው ለሁለት ደቂቃ ተኩል ብቻ ሲሆን የቀረውን ሃያ ሰባት ደቂቃ ተኩል ቆሞ ያሳልፈዋል። ቆሞ የሰለቸው የ12 ዓመት ልጅ ጎረቤቱን መጎንተሉ አይቀርም፤ አሠልጣኙም «ሥርዓት የላችሁም» ብሎ ይጮህና ያስሮጣቸዋል። እርስዎን ያሳዘነዎት ስድብና ሩጫ፣ ብዙ ጊዜ ሥሩ ሲፈለግ፣ ከዚሁ ሰልፍ የሚበቅል ነው።

እነዚያኑ ሃያ አራት ልጆች በስድስት ቡድን፣ አራት አራት አድርገን ብንከፍላቸው፣ ሜዳውንም ሦስት ቦታ ቆርሰን በድንጋይ ወይም በቦርሳ ትናንሽ ግቦች ብንሠራላቸው፣ የሚያስፈልገን አንድ ተጨማሪ ኳስ ብቻ ነው። የሚቆም ልጅ አይኖርም። እያንዳንዱ ይቀበላል፣ ያቀብላል፣ ይነጠቃል፣ ይነጥቃል፣ በየቅጽበቱም ለራሱ ይወስናል። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ የጀርመን እግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ2024/25 የውድድር ዘመን ጀምሮ በመላ አገሪቱ የትናንሾቹን ልጆች ውድድር በጥቂት ተጫዋቾችና በትናንሽ ግቦች እንዲካሄድ አድርጓል፤ በእንግሊዝም የ11 እና የ12 ዓመት ልጆች ለዓመታት ሲጫወቱ የኖሩት ዘጠኝ ለዘጠኝ ሆነው ነው። እኛ ግን የ12 ዓመት ልጅ የአዋቂ ሜዳ ላይ፣ በአዋቂ ግብ፣ ለእግሩ በሚከብድ ቁጥር 5 ኳስ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ እናጋጥመዋለን። በዚህ ዕድሜ የሚመከረው አነስ ያለው ቁጥር 4 ነው። በትልቅ ሜዳ ላይ የሚያሸንፈው ረጅም የሚመታና ፈጥኖ የሚሮጥ ልጅ ስለሆነ፣ አሠልጣኙ ማሸነፍ ከፈለገ እነዚህን መርጦ ማሰለፉ፣ ሌሎቹንም ማስቀመጡ አይቀርም።

እዚህ ላይ «እኛ ያለ አሠልጣኝ በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ተጫውተን አይደል ያደግነው?» የሚሉ አባቶችን ክርክር መመለስ አለብኝ፤ በየስብሰባው ይነሣልና። ድሬዳዋ ለኳስ እንግዳ አይደለችም። የ1954ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ያነሣው ብሔራዊ ቡድናችን አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ለድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ክለብ ተጫውቷል፤ በ1968 ዓ.ም. ውድድሩን ስናስተናግድም ናይጄሪያ፣ ዛየር (የዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ)፣ ሱዳንና በመጨረሻ ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮ የተመደቡት ድሬዳዋ ላይ ነበር። እንግዲህ እነዚህ አባቶች ራሳቸው ከሚያስቡት በላይ ትክክል ናቸው። አሸዋው ላይ ሰልፍ አልነበረም፤ ተቀያሪ ወንበር አልነበረም፤ ትንሹም ትልቁም ከፀሐይ መብረድ እስከ መግሪብ ኳስ ሲነካ ያመሻል። ልጁን ከዚያ ጨዋታ አውጥቶ በክፍያ የሚወስድ ፕሮጀክት ቢያንስ የዚያን ያህል ኳስ ሊያስነካው፣ በዚያ ላይ ደግሞ ሰፈር የማይሰጠውን ዕውቀት ሊጨምርለት ይገባል። ይህን ካላደረገ ክፍያው ለምን እንደሆነ መጠየቅ መብትዎ ነው። (በነገራችን ላይ ፕሮጀክቱ የሚሠራው በደቻቱ ወንዝ ላይ ከሆነ፣ በክረምት ከተማው ላይ ጠብታ ሳይጥል ከደጋው የሚወርደው ውሃ በድንገት እንደሚደርስ አሠልጣኙ ማወቅ አለበት። የ1998ቱ ጎርፍ ያደረሰብንን ማንም የዚህ ከተማ ሰው አልረሳውም።)

ስለ ስድቡ አላድበሰብስም። ጥብቅ አሠልጣኝና ተሳዳቢ አሠልጣኝ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ጥብቁ «ኳሱን ከመቀበልህ በፊት ቀና ብለህ እይ» ይላል፤ ልጁም በሚቀጥለው ኳስ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ተሳዳቢው «አንተ ደደብ» ይላል፤ ልጁ ከዚህ የሚማረው ኳስ እንዳይመጣበት ከተከላካይ ጀርባ መደበቅን ነው። እርስዎም ሊያዩት ይችላሉ፤ የሚሰደብ ቡድን ውስጥ ልጆች ኳስ አይጠሩም፣ ሲደርሳቸውም እንደ ፍም ቶሎ ይጥሉታል፣ ከዚያም ወደ አሠልጣኙ ይዞራሉ። መምታት ካለ ደግሞ ጉዳዩ ከሥልጠና ጥራት ያልፋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችም ሆነ እነሱን የመንከባከብ ኃላፊነት ባለባቸው ሌሎች ተቋማት በአካላቸው ላይ ከሚፈጸም ወይም ጭካኔ ካለበት ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። «ለልጁ ብዬ ነው» የሚል ምክንያት ይህን አይሽረውም።

በሩጫ መቅጣት በተለይ በእኛ ከተማ አደገኛ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሜዳው አፈር ከሥር፣ ፀሐዩ ከላይ ያነድዳሉ። በዚህ ወቅት ልምምድ ማለዳ ወይም ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ መሆን አለበት፤ በየአሥራ አምስትና ሃያ ደቂቃውም ልጁ ጠየቀም አልጠየቀ ለውሃ ማረፍ ይገባዋል። «ውሃ ያከብዳል» እያሉ የሚከለክሉ አሠልጣኞች አሁንም አሉ፤ ይህ ልማድ ልጅን ለሞት ሊያደርስ የሚችል ስሕተት ነው። ራሱን ያዞረው፣ ያቅለሸለሸው ወይም ንግግሩ የተምታታበት ልጅ ወዲያው ወደ ጥላ ይወሰዳል፣ በውሃ ይቀዘቅዛል፣ ወደ ሐኪምም ይደርሳል። በረመዳን ከቡድኑ ልጆች ብዙዎቹ የሚጾሙ ከሆነ ልምምዱ ወደ ኢፍጣር ተጠግቶ ቀለል ማለት ወይም ከኢፍጣር በኋላ መሆን አለበት፤ ጥሩ አሠልጣኝ ይህን ወላጅ ሳይነግረው አስቀድሞ ያቅዳል።

ወደ ተረከዙ እንምጣ፤ ከጥያቄዎ ሁሉ መዘግየት የሌለበት እሱ ነው። ከ8 እስከ 14 ዓመት ባሉ ሯጭና ኳስ ተጫዋች ልጆች ላይ በጣም የተለመደ፣ ሐኪሞች የሲቨር ሕመም የሚሉት የተረከዝ ሕመም አለ። በዚህ ዕድሜ የተረከዙ አጥንት ገና እያደገ ስለሆነ በስተኋላ በኩል ለስላሳ የማደጊያ ሥፍራ አለው፤ ከባት የሚመጣው ጠንካራ ጅማት የሚያያዘው እዚያው ላይ ነው። ልጁ በፍጥነት ሲረዝም አጥንቱ ይቀድማል፣ ጡንቻውና ጅማቱ ወደ ኋላ ይቀራሉ፣ በእያንዳንዱ ሩጫና ዝላይም ያንን ለስላሳ ቦታ ይጎትቱታል። ተረከዙን ግራና ቀኝ በሁለት ጣት ጫን ሲያደርጉት «አህ» ካለ፣ ሕመሙም ከልምምድ በኋላ ብሶ ሲያርፍ የሚተወው ከሆነ፣ ይህ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ሩጫና ዝላይን መቀነስ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ማድረግና ባቱን ቀስ እያደረጉ ማሳሳብ ነው። የሚያነክስ ከሆነ፣ ካበጠ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው ከሆነ ወይም ትኩሳት ካለው ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። ከጉልበት ዝቅ ብሎ ባለው እብጠት ላይ የሚሰማ ተመሳሳይ ሕመምም በዚሁ ዕድሜ ይመጣል፤ ምክንያቱ አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱም ልግም አይደሉም፤ የታዳጊ አሠልጣኝ ነኝ የሚል ሰው ስማቸውን እንኳ ባያውቅ ምልክታቸውን ማወቅ ግዴታው ነው። ጫማውንም ይመልከቱት። እንደ ድንጋይ በጠነከረ ደረቅ ሜዳ ላይ ረጅም ጥርስ ያለው ታኬታ ተረከዙን ይጎዳዋል፤ ሶሉ ጠፍጣፋና ለስለስ ያለ ጫማ ለእኛ ሜዳ ይሻላል።

ፊፋ ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 13 ለሆኑ ልጆች ያዘጋጀው የማሟሟቂያ ልምምድ አለ፤ በአንድ እግር መቆም፣ መዝለልና በትክክል ማረፍ፣ ሳይጎዱ መውደቅን የመሳሰሉ እንቅስቃሴዎችን የያዘ ነው። ከኳስ በቀር ዕቃ አይፈልግም፤ የሚፈጀውም ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ደቂቃ ነው። በአራት የአውሮፓ አገሮች ሕፃናት ላይ ተሞክሮ ጉዳትን በግማሽ ገደማ እንደቀነሰ ተረጋግጧል። አሠልጣኙ ልጆቹን ሦስት ዙር አስሩጦ በቀጥታ ወደ ጨዋታ የሚያስገባቸው ከሆነ ይህን እንዲጀምር መጠየቅ ይችላሉ፤ ማንንም የማያስቀይም፣ ለሁሉም የሚጠቅም ጥያቄ ነው።

ልጅዎ ስለማይሰለፍበት ምክንያት የማስበውን በግልጽ ልንገርዎት። ወንዶች ልጆች ፈጥነው የሚረዝሙበት ጊዜ በአማካይ 14 ዓመት አካባቢ ነው፤ አንዱ ግን በ12 ይጀምራል፣ ሌላው እስከ 16 ይዘገያል። ስለዚህ በአንድ የ12 ዓመት ቡድን ውስጥ ጺም ሊያወጣ የደረሰና ገና የሕፃን ትከሻ ያለው ልጅ አብረው ይሰለፋሉ። ዋንጫ የሚያሳድድ አሠልጣኝ ዛሬ የጎለበተውን ይመርጣል፤ ዘግይቶ የሚያድገው ደግሞ፣ የተሻለ ኳስ ቢያውቅም እንኳ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተስፋ ይቆርጣል። በእኛ አገር ችግሩን የሚያባብሰው ዕድሜ መደበቁ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት ዘግይቶ ሲወጣ ሁለትና ሦስት ዓመት መቀነስ እንደ ብልሃት ተቆጥሯል። አሠልጣኙ የልጅዎን ዕድሜ እንዲያስቀንሱ ቢጠይቅዎት እምቢ ይበሉ። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ ዕድሜን ለማጣራት የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ ኤምአርአይ በሚባለው የምስል ምርመራ እያስመረመረ ነው፤ ዛሬ የተሠራ የሐሰት ወረቀት ልጁ ትልቅ ደረጃ ሊደርስ ሲል ይጠልፈዋል። በ12 ዓመት ላይ ከልምምድ ያልቀረ እያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ ግማሽ ጨዋታ መጫወት አለበት ብዬ አምናለሁ። በዚህ ምክንያት ጨዋታው ቢሸነፍም ይሸነፍ።

ለአሠልጣኙም ፍትሐዊ እንሁን። አብዛኞቹ የታዳጊ አሠልጣኞች ቀድሞ ተጫውተው ያሳለፉ፣ ቀን ባጃጅ ነድተው ወይም ሌላ ሥራ ውለው አመሻሽ ላይ ሜዳ የሚወጡ ወጣቶች ናቸው። የሚያሠለጥኑት ራሳቸው በሠለጠኑበት መንገድ ነው፤ ሌላ ያሳያቸው የለም። የካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) የአሠልጣኝነት ፈቃድ ከዲ ተነሥቶ በሲ፣ በቢና በኤ አልፎ ፕሮ ላይ ይደርሳል፤ ለልጆች የሚጀመረው ከዲ ነው። ፈቃድ እንዳለው በአክብሮት መጠየቅ ነውር የለበትም፤ ከሌለው ፕሮጀክቱ ለኮርስ ሊልከው አስቧል ወይ ብለው ይጠይቁ። ፈቃድ ያለው ሁሉ ጥሩ ነው አልልም፤ ለመማር የማይፈልግ ሰው ግን ልጅ ሊያስተምር አይችልም።

ከጨዋታ በኋላ ተሰብስባችሁ ማናገራችሁ ምክንያታችሁ ትክክል ሆኖ ሳለ ሰዓቱ የተሳሳተ ነበር። ገና ከጨዋታ የወጣ፣ በልጆቹ ፊት በሃያ ወላጅ የተከበበ ሰው ከመከላከል በቀር ምንም አይሰማም። አሁን ሦስት ሆናችሁ፣ ልምምድ በሌለበት ቀን፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብላችሁ አነጋግሩት፤ ከመካከላችሁ አንዱ አሠልጣኙ የሚያከብረው የሰፈር ሽማግሌ ቢሆን መልካም ነው። ክስ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ጥቂት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ከልምምዱ ግማሹ በትናንሽ ሜዳ ጨዋታ እንዲሆን፣ እያንዳንዱ ልጅ ግማሽ ጨዋታ እንዲያገኝ፣ ስድቡና የሩጫ ቅጣቱ እንዲቆም። ከእናንተም ወገን የምትሰጡት ይኑር። ለአዲስ ማሊያ የሚወጣው ገንዘብ ዘንድሮ ለኳስ ይዋል፤ ማሊያ ለፎቶ ያምራል እንጂ ኳስ አያስተምርም። የገንዘቡ ገቢና ወጪም በየሦስት ወሩ ለወላጅ እንዲነገር ጠይቁ። ከሜዳው ዳር ሆነው «ምታው! ልቀቀው!» እያሉ የሚጮሁ አባቶችንም ዝም አሰኙልን፤ ልጁ የአሠልጣኙንና የአባቱን ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ሊፈጽም አይችልም።

ላውጣው ወይስ ልታገሥ ላሉት፣ እንደ ጥፋቱ ዓይነት ይለያያል። ልጆችን የሚመታ፣ ውሃ የሚከለክል፣ ዕድሜ እንዲቀየር የሚጠይቅ፣ ወይም «ውጭ አገር ለሙከራ እወስደዋለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ከሆነ አንድም ቀን አይታገሡ። ከ18 ዓመት በታች ያለን ተጫዋች ከአገር ወደ አገር ማዛወር፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ በፊፋ ደንብ የተከለከለ ነው። ጉድለቱ የልምምዱ ድክመት፣ የሰልፉ ብዛትና የአነጋገሩ ሻካራነት ከሆነ ግን ከውይይቱ በኋላ አንድ ወር ይስጡት፤ እንደገና ከሜዳው ዳር ተቀምጠው ያንኑ ሦስት ነገር ይመልከቱ።

ሲያወጡት «መልቀቂያ አንሰጥም» ብለው ካስቸገሩዎት፣ ልጁን መያዝ ለፕሮጀክቱም እንደማይጠቅመው ያስረዷቸው። አንድ ተጫዋች አድጎ ከአገር ወደ አገር በገንዘብ ሲዛወር ከዝውውሩ 5 በመቶ የሚሆነው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች እንደየዓመቱ ድርሻ ይከፋፈላል። ክለቡ ለፌዴሬሽን በወጉ ያስመዘገበው ከሆነ ልጁ በመሄዱ ያሠለጠነበት ዓመት ድርሻው አይጠፋበትም። ያልተመዘገበ ፕሮጀክት ደግሞ ልጁን የሚይዝበት ሕጋዊ መሠረት የለውም። በበኩልዎ ለ12 ዓመት ልጅ ምንም ዓይነት የረጅም ጊዜ ውል አይፈርሙ።

ከሳቢያን እስከ ከዚራ ሌላ ፕሮጀክት ሲፈልጉ ቀጠሮ ሳይዙ ሄደው አንድ ልምምድ ይመልከቱ። የተሻለ ካጡ፣ ከሰፈር ልጆች ጋር ሦስት ለሦስት መጫወቱ ሰልፍ ከሚያስቆም ፕሮጀክት ይልቅ ብዙ ያስተምረዋል። አሁን ግን ተረከዙ የሚያመው ስለሆነ ምንም ቢወስኑ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ከሩጫ ይረፍ። ካልተሻለው ሐኪም ይየው፤ መራመድና በጣት መቆም ሳያመው ሲቀር ይመለስ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከልምምዱ ግማሹን ብቻ ይሥራ፤ ሕመሙ ካልተመለሰ ቀስ እያለ ይጨምር፤ ከተመለሰ ደግሞ ቀድሞ ወደነበረው መጠን ይቀንስ።